ልጃችሁ «ቦንጋ ልሄድ ነው» ቢላችሁ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባለበት ቤት ሁሉ የተግባር ልምምድ ወቅት ሲቃረብ አንድ ወሬ ይነሳል። የት ትመደቢያለሽ? የት አመለከትህ? መልሱ ባንክ ከሆነ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ትልቅ ሆስፒታል ወይም የሒሳብ ምርመራ ድርጅት ከሆነም እሰየው ነው። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን በእራት ሰዓት «እኔ ቦንጋ ልሄድ ነው፤ ደን ውስጥ ለተማሪዎች ስለ ተፈጥሮ ላስተምር» ብትል፣ የተጠቀለለው ጉርሻ አፍ ሳይደርስ ይቆማል። እናት «ማን አለሽ እዚያ?» ትላለች። አባት «እዚህ ከተማው ውስጥ ቦታ ጠፋ?» ይላል። አያት ካሉ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ይቆዩና «ካፋ? የቡናው አገር?» ብለው ይጠይቃሉ።

ሦስቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። መልሳቸው ሳይሰማ «አይሆንም» ማለት ግን ተገቢ አይመስለኝም። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ቦታው፣ ስለ ሥራው፣ በመጨረሻም ወላጅ ሊጠይቃቸው ስለሚገቡ ነገሮች እንጨዋወት።

ቦታው

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የምናገኛት ከተማ ናት። የካፋ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም የሚገኘው እዚያው ነው። ዙሪያዋ ደን ነው። ዝናቡ አብዛኛውን የዓመቱን ወራት አይለይም።

በቦንጋ ዙሪያ ያለው ጥብቅ ስፍራ በሕግ አጠራሩ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ብሔራዊ ፓርክ የሚፈልግ ሰው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዳውሮና ኮንታ አቅጣጫ ሲያልፍ በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመውንና በዝሆኖቹ የሚታወቀውን የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ያገኛል። የካፋው ባዮስፌር ሪዘርቭ ይባላል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋንና የያዩን ደኖች በዚህ መዝገብ ሲያሰፍር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ስፋቱም 760 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው።

የስሙ ልዩነት የሥራውንም ልዩነት ይዞ ይመጣል። በሰሜን ተራሮች ወይም በአዋሽ የምናውቀው የፓርክ አስተሳሰብ በዋናነት ለዱር እንስሳት ቦታ ከልሎ ማቆየት ነው። ባዮስፌር ሪዘርቭ ግን ሰውንም ይዞ ነው የሚጠበቀው። ምንም የማይነካ እምብርት አለው፤ በእምብርቱ ዙሪያ ቡና ለቀማን፣ ማር ቆረጣንና ቅመም መሰብሰብን የመሳሰሉ ሥራዎች በመጠን የሚፈቀዱበት ቀጠና አለ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ደግሞ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበትና የሚነግድበት ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ ስፍራ በአጥርና በጠመንጃ አይጠበቅም። የሚጠበቀው ውስጡ የሚኖረው ሰው ሲፈቅድና ጥቅሙን ሲያይ ነው። የትምህርት ሥራ እዚያ ትርፍ ነገር ሳይሆን ከጥበቃው ምሰሶዎች አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ለእኛ ምናችን ነው?»

አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ለሚኖር ቤተሰብ የካፋ ደን የሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። እስቲ ወጥ ቤታችንን እንመልከት። በርበሬ ሲዘጋጅ የሚገባው ጥምዝ፣ ቅቤ ሲነጠር የሚጨመረው ኮረሪማ፣ ሁለቱም የደን ጥላ የሚወዱ ተክሎች ናቸው። ካፋ ደግሞ ከሚታወቅባቸው ነገሮች መካከል ናቸው። ማሩም እንዲሁ ነው፤ ገተማን በመሳሰሉ ትልልቅ ዛፎች አበባ ላይ ንቦች የሚሠሩት ነው። ከካፋ የሚነሳው ውኃ በጎጀብ ወንዝ አድርጎ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞ ላይ ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ አለ። ማታ አምፖል ስናበራ ከዚያ ደን ጋር ግንኙነት አለን ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቡናው አለ። ዓለም የሚጠጣው የዓረቢካ ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በሌሎች አህጉራት የሚበቅለው ዓረቢካ በአብዛኛው በየመን በኩል አልፈው ከሄዱ ጥቂት ዘሮች የተባዛ በመሆኑ የዘር ስብጥሩ ጠባብ ነው። ሰፊው ስብጥር ያለው ጫካችን ውስጥ ነው። ይህ ስብጥር ምን እንደሚሠራ በራሳችን አገር ታይቷል። በ1960ዎቹ የቡና ፍሬን የሚያጠቃ በሽታ ገብቶ ገበሬውን ሲያስጨንቅ፣ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት በእነዚሁ ደኖችና በዙሪያቸው ባሉ ማሳዎች ነበር፤ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችም ተገኙ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተሰብስቦ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ የደረሰው «ጌሻ» ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን የቡና ውድድር አሸንፎ ዓለምን አስደመመ። ዛሬ ከዓለም ውድ ቡናዎች አንዱ ነው።

አንድ የካፋ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ታሪክ ያውቃል? የእኛስ ልጆች? እንግዲህ ያ የልምምድ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሥራው

«የትምህርት ኢንተርን» ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ፈረንጅ አስከትሎ የሚዞር ወጣት ነው። እንግዳ ማስተናገድም አለበት። የሥራው ክብደት ግን ያለው ከአካባቢው ተማሪዎች ጋር ነው። ጠዋት በጭቃ መንገድ ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መሄድ፣ ከሳይንስ መምህሩ ጋር መነጋገር፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላትን ማሰባሰብ፣ ከዚያም ልጆቹን ይዞ ወደ ደኑ ጠርዝ መውጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ችግኝ ጣቢያ ወይም ሙዚየም ይኖራል። ማታ ደግሞ የነገን ትምህርት ማዘጋጀትና የዛሬውን መመዝገብ አለ።

ትምህርቱ ብዙ ዕቃ አይፈልግም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አራት ሜትር ሲባጎ ይወሰዳል፤ መሬት ላይ አራት ማዕዘን ተደርጎ ይዘረጋል። ልጆቹ በዚያች አንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ያለውን ሁሉ ይቆጥራሉ፤ ቅጠሉን፣ ጉንዳኑን፣ እንጉዳዩን፣ የበቀለውን ትንሽ የቡና ችግኝ። ከዚያ ሲባጎው ተነሥቶ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ ይዘረጋል፤ እንደገና ይቆጠራል። ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መምህሩ ብዙ መናገር አያስፈልገውም።

ሌላው ትምህርት ዓይን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል መሬት ሳይነካ ምን ያህል ይሄዳል? ዛፎቹ ተራርቀው ቢሆንስ? ፍሬ የሚበሉት ትልልቅ ምንቃር ያላቸው ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን የት ይጥሉታል? ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ራሱ ተመራማሪ ይሆናል።

ከከተማ የሄደች ኢንተርን ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከምታስተምረው ይልቅ የምትማረው ይበልጣል። የካፋ ልጅ ዛፉን በካፊኖኖ ስሙ ይጠራዋል። የትኛው እንጨት ለቀፎ፣ የትኛው ለእርሻ ዕቃ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን ከአባቱ ሰምቷል። አባቱ ቀፎ ለመስቀል ስንት ሜትር እንደሚወጣ አይቷል። ካፋዎች «ኮቦ» የሚሉት የቆየ ሥርዓት አላቸው፤ በዚህ ሥርዓት አንድ ቤተሰብ በደኑ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅልበትና ምርት የሚሰበስብበት ድርሻው ይታወቃል። የአምልኮ ስፍራ በመሆናቸው ምሳር ሳይነካቸው የኖሩ ደኖችም አሉ። ይህን ሳያውቁ ሄዶ «ደን መጠበቅ ጥሩ ነው» ብሎ መስበክ ለቀባሪው እንደማርዳት ነው።

ልጁ ሲጠይቅ

የሥራው ፈተና ጭቃውና ዝናቡ አይመስለኝም። ፈተናው ጥያቄ ነው። ስለ ዛፍ ጥቅም ጥሩ ትምህርት ከተሰጠ በኋላ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ዛፍ ካልቆረጥን እናቴ በምን ታብስል?» ቢል ምን ይመለሳል?

ልጁ ያጠፋው ነገር የለም። ምናልባት ዛሬ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እንጨት ለቅሞ የመጣ ይሆናል። ምናልባት አባቱ ባለፈው ዓመት የእርሻ መሬት አንሶት ጥቂት ደን መንጥሯል። መምህሯ «ደን መቁረጥ ወንጀል ነው» ብላ ብታልፈው ልጁ ሁለት ነገር ይማራል፤ አባቱ ወንጀለኛ እንደሆነ፣ ትምህርት ደግሞ ቤተሰቡን የሚከስስ ነገር እንደሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ክበቡ ላይ አይገኝም። ቤቱ ሄዶም አይናገርም።

ጥሩ ኢንተርን ጥያቄውን ወደ ክፍሉ ትመልሰዋለች። «እናንተ ቤት በቀን ስንት ሸክም እንጨት ይነድዳል? የደረቀ ነው እርጥብ? ከየት ነው የሚመጣው?» ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ከዚያ እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ ይነሳል፤ በጓሮ በፍጥነት ስለሚበቅል የማገዶ ዛፍ ይነሳል፤ የቆመውን ሳይነኩ የወደቀውን ስለመልቀም ይነሳል። በካፋ በተለያዩ ፕሮጀክቶች ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች ተሠራጭተዋል፤ አርሶ አደሮች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን እየጠበቁ የሚጠቀሙበት አሳታፊ የደን አስተዳደርም በቦንጋ አካባቢ ከተጀመረ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ መልሱ እዚያው አገር ውስጥ አለ። ልጁ ቤቱ ሲገባ ክስ ይዞ አይገባም፤ ሐሳብ ይዞ ይገባል።

ያው ልጅ ቀጥሎ «በእናንተ አገር ቡና በምን ይፈላል?» ብሎ ቢጠይቅስ? አብዛኞቻችን ቤት በከሰል ነው። «ከሰሉስ ከየት ይመጣል?» ቢልስ? ይህን ጥያቄ የምትመልሰው ልጅ ከዚያ በኋላ ከተማዋን የምታይበት ዓይን ይለወጣል። እኔ ከልምምዱ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው እላለሁ። ሠላሳ ወይም አርባ ልጆች ፊት ቆሞ የማያውቀውን «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት የተማረ ወጣት፣ ኋላ ባንክ ቢቀጠርም፣ ሐኪም ቢሆንም ይጠቅመዋል።

አያቶች ያውቁታል

እዚህ ላይ በእራቱ ሰዓት «የቡናው አገር?» ብለው የጠየቁትን አያት እንስማ። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለውን ሲጀምር ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም በአስተማሪነት። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተዋል። ከ1971 ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም። በዘመቻው የተጎዳ፣ ልጁን ያጣ ቤተሰብም አለ፤ በአንዳንድ ወላጅ ልብ ያለው ፍርሃት ከዚያ የወረሰው ሊሆን ይችላል። ግን ከእነዚያ ዓመታት የተመለሱትን ሰዎች አንድ ጊዜ ጠይቋቸው። ስለ ክፍሉ ሳይሆን ስላደሩበት ቤት፣ ስላጎረሰቻቸው ሴትዮ፣ ስለተማሩት ቋንቋ ነው የሚያወሩት።

የዛሬው ልምምድ በግዴታ የሚወጣበት አይደለም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በሌላም ዓለም ወጣቶች ወደው ይሄዱበታል። በአሜሪካ በ1957 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች በፈቃዳቸው ሁለት ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ እንዲያገለግሉ የጀመረ አንድ ማኅበር ዛሬም ወጣቶችን ይልካል። በ1991 እ.ኤ.አ. ጄን ጉዳል በታንዛኒያ ከ12 ተማሪዎች ጋር የጀመረችው የወጣቶች እንቅስቃሴ ብዙ አገር ደርሷል። እኛ ጋ ደግሞ የዱር እንስሳትንና የደንን ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ጎንደርንና ወንዶ ገነትን መጥቀስ ይቻላል። ስለዚህ «ይህ ደግሞ ምን ሥራ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። የፓርክና የሙዚየም ባለሙያነት፣ መምህርነት፣ ጋዜጠኝነት፣ ምርምር፣ የጉብኝት ሥራ፣ ሁሉም ከዚህ በር ይወጣሉ።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ደስ የሚል ሥራ መሆኑ ጥንቃቄን አያስቀርም። «ሂጂ» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

የሚቀበላት ማን ነው? ስምና ስልክ ያለው ኃላፊ፣ ከዩኒቨርሲቲዋም የሚከታተላት መምህር ሊኖር ይገባል። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። የሥራ ሰዓቱ፣ የቆይታው ጊዜ፣ የምታቀርበው ሪፖርት ይጠቀስበት። አበል ካለ ስንት እንደሆነ፣ ከሌለም እንደሌለ በግልጽ ይታወቅ፤ ልጅ በባዕድ ከተማ ገንዘብ አልቆባት መጨነቅ የለባትም።

ማደሪያዋ የት ነው? ከማን ጋር? ወደ ሩቅ ቀበሌ ስትወጣ ብቻዋን ነው ወይስ ከአካባቢው ጠባቂዎች ጋር? ደን ውስጥ ብቻ መግባት ለሴትም ለወንድም አይመከርም። ጎሽና ነብር ያለበት አገር ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መንገድ መጥፋት አለ። የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ ከጉዞው በፊት ከተቀባዩ መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ጤናዋን አስመርምሩ። ቦንጋ ራሷ ደጋማ አየር ቢኖራትም ዞኑ ቆላማ ቦታዎችም አሉት፤ ስለ ወባ ሐኪም ያማክራት። ሻንጣዋ ውስጥ የሚያምር ጫማ ሳይሆን የጎማ ቦት፣ የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪና በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ይግባ።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሷ ንገሯት። የሰው ልጅ ፎቶ አንስቶ ወላጁ ሳይፈቅድ ቲክቶክ ላይ መጫን ነውር ነው። ከረሜላ እየበተኑ ልጆችን ማስሮጥም ነውር ነው። ቡና ቢያፈሉላት ትቀመጥ፤ ቆጮና ማር ቢያቀርቡላት አትግደርደር። ጥቂት የካፊኖኖ ቃላት ተምራ ትሂድ። ሰላምታና ምስጋና ብቻ ቢሆን እንኳ በር ይከፍታል።

ቀሪው የእናንተ ነው። በየሰዓቱ እየደወሉ «በላሽ? ገባሽ?» ማለት ለእርሷም ለእናንተም ዕረፍት አይሰጥም። በየትኛው ሰዓት እንደምትደዋወሉ ተስማሙ፤ ኔትወርክ ከሌለበት ቦታ ስትሄድ አስቀድማ ታሳውቃችሁ። ስትደውልም «መቼ ነው የምትመጪው?» ከማለት «ዛሬ ልጆቹ ምን ጠየቁሽ?» በሏት።

ቦንጋ የማይሄዱ ልጆች ያሏችሁም ብትሆኑ ከዚህ የምትወስዱት አለ። አዲስ አበባ ላይ ያላችሁ ሲባጎ ይዛችሁ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሂዱና ያንኑ አንድ ካሬ ሜትር ቁጠሩ። ወደ ሆለታ አቅጣጫ በምትወስደው መንገድ የሚገኘው እንስሳ ኮቴ ከሰው እጅ የዳኑ የዱር እንስሳት የሚኖሩበትና ትምህርት የሚሰጥበት ስፍራ ነው፤ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጎብኙት። ኮረሪማ ስትገዙም ለልጃችሁ አንዱን ፍሬ ሰንጥቃችሁ አሳዩትና የት እንደሚበቅል ንገሩት። ደኑ የሚቆየው አጠገቡ በሚኖረው ልጅ ብቻ አይደለም፤ ርቆ ሆኖ በሚበላውና በሚጠጣውም ነው። ሁለቱ ልጆች ቢተዋወቁ ለሁለቱም ይበጃል። አንዳንዴ ለዚህ የሚያስፈልገው ከመካከላቸው አንዷ አውቶቡስ ተሳፍራ እንድትሄድ መፍቀድ ነው።